ቪትዝ፦ ቲፒኤስ ሁለቴ ተቀይሮም ችግሩ አልለቅ አለኝ፣ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ

ባለቪትዟ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ 2002 ሞዴል፣ ባለ 1000 ሲሲ፣ ማንዋል፣ በዱባይ በኩል የገባች መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ። አምስት አመት ነድቻታለሁ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ላቫጆ አስገብቼ ሞተሩንም እጠቡልኝ አልኩና አሳጠብኩ፣ በሶስተኛው ቀን መገናኛ መብራት ላይ ቆሜ ሞተሩ ጭጭ አለ፣ ሳስነሳው ተነሳ፣ ከዛ ቀን ወዲህ ግን ሰላም የለኝም። ቀስ ብዬ ነዳጅ ስረግጥ ትነጥራለች፣ ልክ አንድ ሰው እግሩን ጫን ለቀቅ ጫን ለቀቅ እያደረገ የሚነዳት ነው የሚመስለው፣ ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ ደግሞ ደህና ትሄዳለች፣ ስቆም ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አትይዝም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ትልና ትጠፋለች። ቼክ ኢንጅን ሲፈልገው ይበራል ሲፈልገው ይጠፋል። ነዳጅ መብላቷም ጨምሯል።

ጋራዥ ወሰድኳት፣ ኮምፒውተር አድርገው ስሮትል ፖዚሽን ሴንሰር (ቲፒኤስ) ነው አሉኝና ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አምጥተው ቀየሩልኝ። ሁለት ቀን ደህና ሆነች። በሶስተኛው ቀን ያው! ተመልሼ ስሄድ ያመጣነውም የተበላ ነው ብለው ተክለሃይማኖት አዲስ አስገዙኝ፣ እሱም ሳምንት አልሞላም። አሁን ደግሞ ኢሲዩው (የመኪናዋ ኮምፒውተር) ነው ይቀየር እያሉኝ ነው። የነገሩኝን ዋጋ ከልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ነው የማነሳው፣ ስለዚህ እሺ ከማለቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሴንሰሩ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ቱርቦ አዲስ
እህቴ ኦሪጅናል ካልሆነ አይሰራም፣ ቲፒኤስ ላይ የዱባይም የቻይናም እቃ አትሞክሪ። የጃፓን ኦሪጅናል ፈልጊና አስቀይሪ ያልቃል። ምልክቱ ሁሉ የቲፒኤስ ነው።

ቃሊቲ ጋራዥ
ቱርቦ ወንድሜ ምልክቱ የቲፒኤስ ነው ያልከው ልክ ነው፣ ግን ልጅቷ ሁለት ሴንሰር ገዝታለች፣ ሶስተኛ ግዢ ማለት አይከብድም? ሁለት ሴንሰር በተከታታይ ተበላሽቶ የሚገኝ ከሆነ ችግሩ ሴንሰሩ ጋ አይደለም ማለት ነው። እኔ በዚህ ስራ ሃያ ስድስት አመቴ ነው፣ በካርቡራቶር ጀምሬ ነው እዚህ የደረስኩት።

ልጄ፣ ይህ እቃ ምን እንደሚሰራ ካወቅሽ ማንም አያታልልሽም። ነዳጅ ስትረግጪ በገመድ ተስቦ ስሮትሉ (ሞተሩ አየር የሚስብበት በር) ውስጥ ያለችው ክብ ክዳን ትከፈታለች፣ ቲፒኤስ በክዳኗ ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ትንሽ እቃ ነው፣ አብሮ ይዞራል። ውስጡ ያው የድሮ ሬዲዮ ድምጽ መጨመሪያ ነው በይው። ኮምፒውተሩ አምስት ቮልት ይልክለታል፣ እሱ ደግሞ ክዳኗ በተከፈተችው ልክ ከዛ ላይ ቆርሶ ይመልሳል። እግርሽን ስታነሺ ግማሽ ቮልት አካባቢ፣ እስከ መጨረሻ ስትረግጪ አራት ቮልት አካባቢ። ኮምፒውተሩ እግርሽን አያየውም፣ የሚያየው ይህን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከዘለለ እግርሽ የዘለለ ይመስለዋል፣ ለዛ ነው የምትነጥርብሽ። መብራት ላይ ቆመሽ ቁጥሩ ወደ ታች ካልወረደ ደግሞ እግርሽን ማንሳትሽን አያውቅም፣ ስለዚህ ሚኒሞውን አይቆጣጠርልሽም፣ ትጠፋለች።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ካንዴላዎቹ ተፈተው ታይተዋል? ቀለማቸው ምን ይመስላል? እና ያስነበቡበት የኮምፒውተር ፎቶ ካለሽ ላኪ።

የሽቦ ሰው
ጋሼ የተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስካነር ላይ የሚወጣው የችግር ኮድ ፒ0120 ይሁን ሌላ፣ የሚለው «የቲፒኤስ መስመር ችግር አለበት» ነው እንጂ «ቲፒኤስ ቀይር» አይልም። መስመር ማለት ሴንሰሩም ሶኬቱም ሽቦውም ኢሲዩውም አንድ ላይ ነው። እኔ የመኪና ኤሌትሪክ ነው ስራዬ፣ ቲፒኤስ ነው ተብለው ከሚመጡልኝ ግማሽ ያህሉ ሽቦና ሶኬት ናቸው፣ በተለይ ሞተር ታጥቦ ከሆነ።

እህቴ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) አለሽ? ከሌለሽ ከጎረቤት ተዋሺ፣ ርካሹም ይበቃል። እንዲህ አድርጊ። ሞተሩን አታስነሺ፣ ቁልፉን ግን ዳሽቦርዱ እስኪበራ ክፈቺ። ኮፈኑን ክፈቺና የነዳጁ ገመድ የሚስበውን ቦታ ተከተይ፣ በዘንጉ በሌላኛው ጫፍ ጥቁር ፕላስቲክ እቃ ሶስት ሽቦ ያለው ታገኛለሽ። ሶኬቱን አትንቀዪው! ተሰክቶ እያለ ነው የሚለካው፣ ከተነቀለ ውሸት ነው የምታነቢው። ከኋላ ሽቦዎቹ ከሚገቡበት በኩል ቀጭን መርፌ ከሽቦው ጎን አስገቢና በሱ ላይ ለኪ፣ የሽቦውን ልባስ አትብሺ ውሃ ይገባበታል። አንደኛው አምስት ቮልት የሚመጣበት ነው፣ ቪሲ ይባላል፣ ሁለተኛው መልስ የሚሄድበት ቪቲኤ፣ ሶስተኛው ማሳው ነው፣ ወደ ኔጋቲቭ የሚመለሰው፣ ኢ2 ይባላል። የትኛው የት እንደሆነ ካላወቅሽ ነዳጅ ሲረገጥ ቁጥሩ የሚጨምረው ቪቲኤ ነው። መጀመሪያ ቪሲን ከኢ2 ጋር፣ ቀጥሎ ቪቲኤን ከኢ2 ጋር እግር ሳይረገጥና እስከ መጨረሻ ተረግጦ ለኪ። ሶስት ቁጥር ነው የምፈልገው፣ ያየሽውን ሳታስተካክይ ጻፊልን።

ዲኤክስ 86
እኔ ጋ ባለ ካርቡራቶር ስለሆነ ይሄ ሁሉ የለም 🙂 ግን ክሩን እየተከታተልኩ ነው ልጄ ቪትዝ ልገዛ ነው ስላለ፣ ቀጥሉ።

ኮሮላ 2008
ይቅርታ ክሩን ለመጥለፍ አይደለም ግን የኔም ስሮትል ነው። ኮሮላ 2008፣ ፒ2135 ይላል፣ መኪናው በድንገት ጉልበት አጥቶ ከ20 በላይ አልሄድ አለኝ፣ አጥፍቼ ሳስነሳው ደህና ሆነ። እኔም ሶስቱን ሽቦ ልለካ?

ዲሲ አካባቢ
ኮሮላ 2008 ወንድሜ ያንተ ሌላ አይነት ነው። እኔ ቨርጂኒያ ጋራዥ ነው የምሰራው፣ ያንተ አይነት በየሳምንቱ ይገባልናል። ያንተ መኪና ከእግርህ ወደ ስሮትል የሚሄድ ገመድ የለውም፣ ፔዳሉ ላይ ሴንሰር አለ፣ ስሮትሉ ላይ ደግሞ ክዳኑን የሚያዞር ሞተር አለ። ለደህንነት ሲባል ስሮትሉ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት የሴንሰር መስመር ነው ያለው፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያነጻጸረ ነው የሚሰራው፣ ፒ2135 ማለት ሁለቱ አልተስማሙም ማለት ነው። ያን ጊዜ ክዳኑን የሚያዞረውን ሞተር ያጠፋውና ክዳኑ በስፕሪንግ ትንሽ ብቻ ተከፍቶ ይቀራል፣ ቀስ እያልክ ወደ ዳር እንድትወጣ ነው፣ አጥፍተህ ስታስነሳ እንደገና ይሞክራል። ፒ2138 ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ ላይ ያሉት ሁለቱ አልተስማሙም ማለት ነበር፣ ሰው እነዚህን ሁለቱን እያምታታ ነው ስሮትል የሚገዛው።

እዛ ላይ በኦም መለካት አትሞክር፣ ባንተ ዘመን ባሉት የቶዮታ ባለ ሞተር ስሮትሎች ላይ ያለው ሴንሰር በማግኔት የሚሰራ ነው፣ የሚፋቅ ነገር የለውም፣ በቮልት ብቻ ነው የሚለካው። ደግሞ ቁልፍ ተከፍቶ እያለ ጣትህን ስሮትሉ ውስጥ እንዳታስገባ፣ ክዳኑ በድንገት ይዘጋል ጣት ይቆርጣል፣ በእጅ መግፋትም ውስጡ ያሉትን የፕላስቲክ ጥርሶች ይበላል። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለህ ፒኖቹን በባትሪ ብርሃን እያቸው፣ ከዛ የራስህን ክር ክፈትና እዛ እንነጋገር።

ባለቪትዟ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ ቴስተር ይዞ መጣ፣ እሱ ነዳጅ እየረገጠ እኔ ለካሁ። ቪሲ ከኢ2 ጋር 4.2። ቪቲኤ ሳይረገጥ 0.5፣ እስከ መጨረሻ ተረግጦ 3.3። ሁለት ሶስቴ ደግመን ለካን ያው ነው። ቀስ እያለ ሲረግጥ ቁጥሩ ሳይዘል ነው የሚወጣው። ጋሼ ካንዴላዎቹን ጋራዥ ፈትተውልኝ ነበር፣ አራቱም ጥላሸት የተቀቡ ይመስላሉ፣ በጣት ሲነካ ጥቁር ዱቄት ይለቃል።

ቱርቦ አዲስ
0.5 እና 3.3 እኮ ደህና ነው፣ በመጽሐፉ ከ0.3 እስከ 0.8፣ ሲረገጥ ከ3.2 በላይ ነው የሚለው። ሴንሰሩ ሰላም ነው። የነዳጅ ፓምፕ ነው እንግዲህ።

የሽቦ ሰው
ቱርቦ እኔም ድሮ እዚህ ጋ ነበር የምስተው፣ ሁለቱን ቁጥር አይተህ ሶስተኛውን ዘለልከው። 4.2 እኮ አምስት አይደለም! ከኢሲዩ የሚወጣው 5 ቮልት ነው፣ ከ4.5 በታች ካነበብክ ወይ የሚመጣው ላይ ወይ የሚመለሰው ላይ የሆነ ቦታ እየጠፋ ነው። የነዳጅ ፓምፕ ቢሆን ደግሞ ጠበቅ አድርጋ ስትረግጥ ነበር ጉልበት የምታጣው፣ እሷ የጻፈችው ግን ተቃራኒውን ነው፣ ቀስ ስትል ነው የሚብሰው፣ ካንዴላውም ጥቁር ነው፣ ነዳጅ በዝቶ ነው እንጂ አንሶ አይደለም።

እህቴ ጎበዝ ነሽ በጣም። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከሴንሰሩ ማሳ ላይ አንሺና የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጊው፣ ቀዩን ጫፍ በየተራ ሶስቱም ላይ አድርጊ። ኢ2 ላይ ስታደርጊ ዜሮ ነው መሆን ያለበት፣ ቢበዛ 0.1። እዛው እያለሽ ወንድምሽ ከሶኬቱ ጀምሮ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ኋላ በእጁ ቀስ እያለ ያወዛውዘው፣ ቁጥሩ የሚዘልበትን ቦታ ምልክት አድርጉ።

አዳማ ልጅ
እስከዛ አንድ ነገር ልናገር፣ ከስካነር ንባብ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሰው አዲስ አበባ ላይ ማፕ ሴንሰር (የአየር ግፊት የሚለካ) ያለው መኪና ስካን ሲያደርግ፣ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ 76 ኪሎ ፓስካል ያነባል፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ 100 መሆን አለበት የሚል ያያል፣ ከዛ ደህና ሴንሰር ይቀየራል። 100 የባህር ጠረፍ ነው ወገኖቼ! አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ቀጭን ነው፣ 76 ትክክለኛው ነው። እኛ አዳማ 1600 ሜትር አካባቢ ስለሆንን 83፣ 84 እናነባለን። ቲፒኤስ ግን ከፍታ አይነካውም፣ ጅቡቲም እንጦጦም ያው ነው፣ ስለዚህ ቲፒኤስ ላይ «የከፍታ ነው» የሚላችሁን እንዳትሰሙ። ያለፈው ወር አንድ ደንበኛ እንደዚህ ተብሎ መጥቶ ነበር ያናድዳል።

ቃሊቲ ጋራዥ
አዳማ ልጅ ተባረክ፣ ይህን ሁሉም ሰው ማወቅ ነበረበት።

ባለቪትዟ
ለካነው! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ጥቁሩ ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ ሆኖ፣ ቪሲ 5.0፣ ቪቲኤ ሳይረገጥ 1.3፣ ኢ2 ደግሞ ዜሮ አይደለም 0.8 ነው! ወንድሜ ሽቦውን ሲያወዛውዝ ሶኬቱ አካባቢ ምንም አልሆነም፣ ወደ ኋላ ሄዶ የፍሬኑ ሰርቮ ጀርባ ያለችውን የተጠቀለለች ቦታ ሲነካት ቁጥሩ ከ0.3 እስከ 2 ይዘላል፣ አንዴ ጭራሽ ወደ አራት ወጣ። ምን ማለት ነው?

የሽቦ ሰው
ማለት ኢሲዩ አትግዢ ማለት ነው። ሴንሰርም አትግዢ።

አስቢው፣ ሴንሰሩ የራሱን ማሳ ይዞ ሲለካ 0.5 ነው የሚለው፣ ደህና ይመስላል፣ ቱርቦንም ያሳሳተው እሱ ነው። ኢሲዩው ግን የሚለካው ከራሱ ማሳ ነው። በመሃል ሽቦው ላይ 0.8 ቮልት እየጠፋ ስለሆነ ኢሲዩው ጋ የሚደርሰው 0.5 ሲደመር 0.8 ነው፣ 1.3፣ ያገኘሽው ቁጥር። እግርሽን አንስተሽም ትንሽ የረገጥሽ ነው የሚመስለው። ሽቦው ሙሉ በሙሉ ሲላቀቅ ደግሞ ማሳ ስለሌለው ቪቲኤ ወደ አምስት ይወጣል፣ ያኔ ነው ቼክ ኢንጅን የሚበራው፣ ሲነካካ ይጠፋል። አምስት ቮልቱ ወይም የመልሱ ሽቦ ቢቆረጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዜሮ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሄደው የሚለውን ብቻ አይቶ የትኛው ሽቦ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ሁለት ቀን ደህና የሆነችውም ገባኝ። ሴንሰር ለመቀየር ሶኬቱን ሲጎትቱ ሲገፉ ሽቦው አብሮ ተነቃንቆ ለጊዜው ገጠመ። ሴንሰሩ አልነበረም ያዳናት።

ቃሊቲ ጋራዥ
አሁን የኔ ጥያቄ መልስ አገኘ መሰለኝ። ልጄ ያ የኮምፒውተር ፎቶ ላይ የውሃ ሙቀት ስንት ይላል? እንግሊዝኛው ላይ ኩላንት የሚለው ጎን ያለው ቁጥር።

ባለቪትዟ
ጋሼ 45 ይላል። ግን ሩቅ መንገድ ነድቼያት ነው የገባሁት፣ የራዲያተሩ ቱቦ እጅ አያስነካም ነበር።

ቃሊቲ ጋራዥ
ያውልሽ። ኢ2 የቲፒኤስ ብቻ ማሳ አይደለም፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩም የሚገባው አየር ሙቀት ሴንሰሩም በዛው ሽቦ ነው የሚመለሱት። ማሳው ሲበላሽ ሶስቱም አብረው ነው የሚዋሹት። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ሲጨምር ነው የከረመው፣ ካንዴላሽ የጠቆረው ነዳጅም የበላችብሽ በዚህ ነው። ጋራዡ ያን 45 አይቶ ቱቦውን በእጁ ቢነካ ኖሮ ሁለት ሴንሰር አያስገዛሽም ነበር። ቁጥሩ ፎቶው ላይ ተቀምጧል እኮ፣ ማንም አላየውም፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሻርጃ ነኝ
እኔ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል አካባቢ የመኪና እቃ ነው የምሰራው፣ መሪ ሲቀየር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጎበዝ ሰሪ አለ፣ ሽቦ አይቆርጥም፣ የግራ መሪ መኪና ሙሉ ሽቦ አምጥቶ ይገጥማል። የሚቸኩለው ደግሞ ዳሽቦርዱ ወደ ሌላ ጎን ሲዞር ሽቦው አልደርስ ስለሚለው ቆርጦ ይቀጥላል፣ በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎ። እዚህ በረሃ ነው ዝናብ ብዙ የለም፣ አመት ሁለት አመት ምንም አይልም። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ወይም የላቫጆ ውሃ በሃይል ሲረጭበት ነው የሚታወቀው። የፍሬን ሰርቮ ጀርባ የተጠቀለለ ነገር ካለ እሱ ነው እህቴ፣ ፋብሪካ ሽቦ በእጅ ጠምዝዞ አይቀጥልም።

ባለቪትዟ
ራሳችን ብንከፍተው ችግር አለው? ወንድሜ እኔ እሰራዋለሁ እያለ ነው።

የሽቦ ሰው
መክፈትና ማየት ይችላል፣ መጀመሪያ ግን የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ዳግም ጠምዝዞ በፕላስተር እንዳይጠቀልለው ግን፣ ያው ነው የሚሆነው። ሽቦው እስከሚነጣ ድረስ የዛገውን ቆርጦ መጣል አለበት፣ ከዛ በካውያ መበየድ፣ ከዛ በሙቀት የሚጨማደደውን ቱቦ ማልበስ። ሽቦው ካጠረ በዛው ውፍረት ሽቦ ይቀጠል፣ የሬዲዮ ቀጭን ሽቦ አይሆንም። ካውያ ካልያዘ የሰፈራችሁን ኤሌትሪክ ሰራተኛ ጥሩ፣ ግማሽ ሰአት ስራ ነው። ቲፒኤስ ቀይር እንዳይልሽ ግን «ኢ2 ላይ 0.8 ቮልት እየጠፋ ነው፣ ማሳውን ስራልኝ» በይው፣ ስራውን የሚያውቅ ከሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ዲሲ አካባቢ
ሌላ ሰው ይህን ክር ሲያገኘው እንዲጠቅመው ነው የምጽፈው። የሷ ሽቦ ሆነ፣ ግን ሴንሰሩ ራሱ የሚበላበትም ጊዜ አለ፣ በገመድ የሚሰራው አይነት ውስጡ በካርቦን ላይ የሚሄድ ብሩሽ ስላለው ያረጃል። የሚያረጀው ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፣ ከዘጋበት ትንሽ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው እዛ ላይ ነው፣ በተለይ መንገድ ሲጨናነቅ። ስለዚህ ዘግቶ 0.6፣ ከፍቶ 4 ብሎ ሁለቱም ጫፍ ደህና ሆኖ መሃሉ የተበላ ሊሆን ይችላል። ዲጂታል ቴስተር ቀርፋፋ ነው፣ ለቅጽበት የምትጠፋዋን አያሳይም። እዚህ በኦሲሎስኮፕ (የቮልቱን መውጣት መውረድ በስክሪን በሚያሳይ እቃ) ነው የምናየው፣ ከሌላችሁ የድሮው ባለ ቀስት ቴስተር ከዲጂታሉ ይሻላል፣ ክዳኑን በእጅ በጣም ቀስ እያላችሁ ስትከፍቱ ቀስቱ ያለመንቀጥቀጥ መውጣት አለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ዘሎ ወደ ታች ካለ እሱ የተበላበት ነው። ሴንሰሩን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግም ይረዳል፣ ሲሞቅ ብቻ የሚታመምም አለ፣ ቀዝቅዞ ለክታችሁ ደህና ነው ብላችሁ አትተዉት።

አዳማ ልጅ
ስካነር ለሌለውም አንድ ነገር። እነዚህ ከጃፓን የመጡ የቆዩ ቪትዞች በስልክ ብሉቱዝ ከሚሰራው ትንሽ እቃ ጋር ብዙ ጊዜ አይግባቡም፣ ያኔ መኪናው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። ከመሪው ስር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት 4ኛውንና 13ኛውን በአጭር ሽቦ አገናኙና ቁልፍ ክፈቱ፣ የቼክ ኢንጅን መብራት ራሱ ይቆጥርላችኋል። አራቴ ብልጭ ብሎ ትንሽ ቆም ብሎ አንዴ ብልጭ ካለ 41 ነው፣ የቲፒኤስ መስመር ነው። ምንም ችግር ከሌለ ሳያቋርጥ ብልጭ ብልጭ ይላል። 16ኛው ቀዳዳ ላይ ግን ቀጥታ የባትሪ መብራት ስላለ በስህተት እዛ እንዳትሰኩ፣ ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁ አንድ ጊዜ ሰኩ።

ቱርቦ አዲስ
እኔ ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ እህቴ። ሶስተኛ ሴንሰር ላስገዛሽ ነበር። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪ ላይ አድርጎ መለካቱን አላውቀውም ነበር፣ ዛሬ የራሴን መኪና እለካለሁ።

ባለቪትዟ
ተሰራች!!! ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችን ኤሌትሪክ ሰራተኛ መጣ፣ የነገራችሁኝን አረፍተ ነገር ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና «ማን ለካልሽ?» አለኝ፣ እኔ ነኝ አልኩት። የፍሬን ሰርቮው ጀርባ ያለውን ፕላስተር ሲልጠው ውስጡ ረጥቧል፣ ሁለት ወር ሙሉ የላቫጆውን ውሃ ይዞ ነው የተቀመጠው። ሰባት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ የተቀጠለ አለ፣ ስድስቱ መዳብ መዳብ ይላሉ፣ ሰባተኛው ቡኒው ግን አረንጓዴ ሆኗል፣ ገና በጣቱ ሲይዘው እንደ ደረቅ ሳር ተበጥሶ እጁ ላይ ቀረ። ወንድሜ ፎቶ አንስቶታል። ሰውየው ሰባቱንም ቆርጦ በየዳቸው አንዱን ብቻ ሰርቶ መተው አልፈለገም። ቱቦ አለበሳቸውና ውሃ በማይረጭበት በኩል ወደ ላይ አሰራቸው።

ቁጥሮቹ እነሆ፣ ኢ2 ከባትሪ ጋር 0.02፣ ቪሲ ከኢ2 ጋር 4.98፣ ቪቲኤ ሳይረገጥ 0.6 ተረግጦ 3.95። ትናንት አንድ የማውቀው ልጅ ስካነሩን ይዞ መጥቶ ኮዱን አጠፋልኝ፣ ሞተሩ ሲሞቅ 87 ዲግሪ አነበበ። ከአያት ሜክሲኮ ሄጄ ተመለስኩ፣ አንድ ጊዜም አልነጠረችም፣ መብራት ላይ ሚኒሞዋ እንደ ድሮው ጸጥ ብላ ቆመች፣ ሬዲዮውን ዘግቼ ድምጿን ብቻ እየሰማሁ ነው የነዳሁት። የጠየቀኝን ከፍያለሁ፣ ከሁለተኛው ሴንሰር ዋጋ ሩቡን አይሆንም። ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ፣ የልጄን ክፍያ አዳናችሁልኝ።

አንድ ጥያቄ፣ የድሮው ሴንሰሯ ጋራዥ ቀርቷል፣ ያገለገለው ግን እቤት አለ፣ ልጣለው?

የሽቦ ሰው
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! አትጣይው እንዳትጣይው፣ ያ የሶማሌ ተራው የጃፓን ኦሪጅናል ከሆነ ከአዲሱ ሊሻል ይችላል፣ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። በኦም ለኪው፣ ቪሲና ኢ2 መሃል ጥቂት ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት፣ ከዛ ጥቁሩን ጫፍ ኢ2 ላይ ቀዩን ቪቲኤ ላይ አድርገሽ በእጅሽ ቀስ እያልሽ ስታዞሪው ሳይዘል ከጨመረ ጤነኛ ነው፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጪው። ጋራዥ የቀረውንም ጠይቂያቸው፣ ንብረትሽ ነው።

ቃሊቲ ጋራዥ
ልጄ ደስ ብሎኛል፣ ከሰራተኞቼ አንዱ ይህን ክር ለሁሉም ጮክ ብሎ አንብቦላቸዋል። አንድ ነገር ግን አለ፣ እዛ ጋ ሰባት ሽቦ ከቀጠሉ ዳሽቦርዱ ስርም የቀጠሉት አይጠፋም። ክረምት ሳይገባ የግራውን እግር ማረፊያ ምንጣፍ አንሺና ፕላስተር የተጠቀለለ ነገር ካለ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን፣ አንድ ላይ እናየዋለን።

ባለቪትዟ
እሺ ጋሼ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ምንጣፉን አነሳዋለሁ።